ስለ ሳትሱኪ ፉጂሳዋ፦ ለአማርኛ የስፖርት ጋዜጠኞችና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የስፖርት ጋዜጠኞችና አዘጋጆች፣

ፕሮግራሞቻችሁን ለዓመታት ስከታተል የኖርኩ፣ አሁን በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ በኤድመንተን ከተማ የምኖር አድማጭ ነኝ። ደብዳቤውን ለአንድ ጣቢያ ብቻ ያልጻፍኩት ቅሬታዬ ከአንድ ሰው ጋር ስላልሆነና እንዲታረም የምፈልገው ልማድ በብዙዎቻችሁ ዘንድ ያለ ስለመሰለኝ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሐምሌ 2023 አንዲት ጃፓናዊት ስፖርተኛ በኢባራኪ በተካሄደ የሰውነት ቅርጽ ውድድር ላይ የተነሳችው ፎቶ ዓለምን ዞረ። በዚያው ሰሞን የማዳምጠው አንድ የስፖርት ፕሮግራም ለጉዳዩ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሰጠው። አቅራቢው «በረዶ እየጠረገች ሜዳሊያ የወሰደችው ልጅ ደግሞ ጡንቻ አወጣች» ብሎ ሳቀ፣ ባልደረባው «መጥረጊያው ከብዷት ይሆናል» ሲል አጀበው፣ ከዚያም ወደ ተጫዋቾች ዝውውር ወሬ አለፉ። ፎቶው እውነተኛ ነው፣ ዜናውም ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የልጅቱ ስም አልተጠራም፣ ሜዳሊያውን በምን ሥራ እንዳገኘችውም አልተነገረም። ስሟ ሳትሱኪ ፉጂሳዋ ይባላል። የከርሊንግ፣ ማለትም ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ ወደ ዒላማ የማቅረብ ጨዋታ፣ ቡድን መሪ፣ በጨዋታው ቋንቋ ስኪፕ ነች። የአንድ ስኪፕ ሥራ ደግሞ መጥረግ ሳይሆን መወሰን ነው፤ ጥያቄዬም ከዚህ የሚነሳ ነው፤ ስለ እንዲህ ያለች ስፖርተኛ ስትዘግቡ ውሳኔዋን ዘግቡልን እላለሁ።

በዚህ ስፖርት መሳቅን በተመለከተ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት የሥራ ባልደረቦቼ ወደ አንድ የሰፈር ከርሊንግ አዳራሽ ሲወስዱኝ በልቤ እየሳቅኩ ነበር የሄድኩት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ አዛውንት የውሃ ማጠራቀሚያ በጀርባቸው አዝለው፣ በእጃቸው የያዙትን ወንፊት አፍ ቱቦ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ በበረዶው ላይ ጠብታ ይረጩ ጀመር። ጠብታዎቹ ወዲያው እየረጉ ወለሉን በጥቃቅን ጉብታዎች ሸፈኑት። የእንጀራን ዐይን ገልብጣችሁ አስቡት፤ ጎድጎድ ያለው ሁሉ ጉብ ብሎ ማለት ነው። ድንጋዩ የሚንሸራተተው በእነዚያ ጉብታዎች ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ጨዋታው በገፋ ቁጥርም ጉብታዎቹ እየተላጉ ስለሚሄዱ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የተማራችሁት የበረዶው ጠባይ በሁለተኛው ሰዓት አይሠራም። የእኔ ተራ ደርሶ 19 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን የግራናይት ድንጋይ ክብ እጀታውን ይዤ ስለቀው በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ድንጋዩም ማለፍ የሚገባውን መስመር ሳያልፍ ቆመ። መስመሩን ያላለፈ ድንጋይ ከጨዋታ ስለሚወጣ አንዲት የሰባ ዓመት ሴት በእግራቸው ገፋ አድርገው አስወጡት። ከዚያ ቀን በኋላ አልሳቅኩም።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሁለት ቡድኖች፣ በእያንዳንዱ አራት ሰው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ድንጋይ፤ 45 ሜትር ገደማ ከሚረዝመው የበረዶ መስመር ጫፍ ላይ ቤት የሚባል ክብ አለ፣ ሁሉም ድንጋይ ተወርውሮ ሲያልቅ አንድ ዙር ይባላል፣ ወደ መሐሉ ይበልጥ የቀረበም ዙሩን ያሸንፋል። ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው የጠላትን ድንጋይ መትቶ ማስወጣት፣ የራስን ከሌላ ኋላ መደበቅ፣ አንዱን በሌላው መግፋት ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። ያ የሚሳቅበት መጥረጊያም የበረዶውን ገጽ በሰበቃ ያሞቀዋል፤ የሞቀው በረዶ ድንጋዩን ራቅ አድርጎ ይወስደዋል፣ መታጠፉንም ይቀንስለታል። ሁለት ሰዎች ባለ በሌለ ጉልበታቸው የሚያሹት ጥቂት ሜትር ለመጨመር ወይም አንድ ስንዝር መታጠፍ ለመከልከል ነው። ትከሻና ክንድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ስለዚህ የፎቶው ጡንቻ ከስፖርቱ ውጭ የመጣ ተአምር አልነበረም።

ስኪፕ ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ በቤቱ ውስጥ ትቆማለች። ድንጋዩ በየት እንደሚመጣ፣ በምን ፍጥነት፣ ወደ የትኛው ጎን ተሽከርክሮ እንደሚታጠፍ አስልታ መጥረጊያዋን ዒላማ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ መቼ እንደሚታሽ፣ መቼ እንደሚተው ትጮኻለች፤ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ የዙሩን ሁለት የመጨረሻ ድንጋዮች ራሷ ትወረውራለች። አሰልጣኙ ከዳር ተቀምጦ ያያል እንጂ ጨዋታው እየሄደ ድምፁን ማሰማት አይችልም። በእግር ኳስ ብናስበው አምበሉም፣ አሰላለፍ ቀያሪውም፣ በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት መቺውም አንድ ሰው ነው። ሰዓትም ይቆጠርባታል፤ በኦሊምፒክ ለአሥር ዙር ጨዋታ አንድ ቡድን የሚሰጠው የማሰቢያ ጊዜ 38 ደቂቃ ነው።

በዚህ ላይ አድማጭ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዙሩ የመጨረሻውን ድንጋይ የሚወረውር ቡድን ትልቅ ብልጫ አለው፤ ነጥብ ያገባ ቡድን ግን በሚቀጥለው ዙር ያንን ብልጫ ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ የመጨረሻውን ድንጋይ ይዞ አንድ ነጥብ ብቻ ማግኘት እንደ ኪሳራ ይቆጠራል፤ ጎበዝ ስኪፕ አንዳንዴ ሆን ብላ ቤቱን ባዶ አድርጋ ዜሮ ለዜሮ ትወጣና ብልጫውን ለሚቀጥለው ዙር ታሳድራለች። የመጨረሻው ድንጋይ ሳይኖር ነጥብ ማግኘት ደግሞ በተጫዋቾቹ አፍ ስርቆት ይባላል። ይህን ያልሰማ አድማጭ 5 ለ 3 የሚል ውጤት ቢነበብለት ምንም አይገባውም።

አሁን ወደ ስፖርተኛዋ ልመለስ። ፉጂሳዋ በግንቦት 1991 በሆካይዶ ደሴት በኪታሚ ከተማ ተወለደች። ሆካይዶ ለእኛ ጆሮ እንግዳ መሆን አይገባውም ነበር፤ የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን በ2021 የተሮጠው በዚያው ደሴት በሳፖሮ ነው፣ ሦስቱም የእኛ ወንድ ሯጮች ያቋረጡት፣ ሮዛ ደረጀ አራተኛ የወጣችውም እዚያ ነው። ከኪታሚ ወደ ኦሆትስክ ባሕር ሲወጣ ቶኮሮ የምትባል፣ ከዓሣና ከእርሻ የምትኖር ትንሽ ከተማ አለች፤ በ2006 ከኪታሚ ጋር ተዋህዳለች። ከርሊንግ ወደ ቶኮሮ የሄደው እኔ ከምኖርበት ግዛት ነው። በ1980 ሆካይዶና አልበርታ የእህትማማችነት ስምምነት ሲያደርጉ፣ በ1961 የዓለም ሻምፒዮን ከነበረው ቡድን አንዱ የነበረው የአልበርታው ዋሊ ኡርሱሊያክ ወደ ጃፓን ሄዶ ጨዋታውን አስተማረ። የቶኮሮ ሰዎች በገዛ እጃቸው ውሃ አፍስሰው በረዶ አረጉ፤ ድንጋይ ስላልነበራቸው በቢራ በርሜልና በጋዝ ሲሊንደር ተጫወቱ። በ1988 ለከርሊንግ ብቻ የሚሆን የቤት ውስጥ አዳራሽ ተሠራላቸው፤ በጃፓን የመጀመሪያው ነው። በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆች ድንጋይ መወርወር ይማራሉ።

አባቷ ራሳቸው ከርሊንግ ተጫዋች ነበሩና በአምስት ዓመቷ ጀመረች። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ወደ ካሩይዛዋ ሄዳ የቹቡ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኛና የቡድኑ ስኪፕ ሆነች። ካሩይዛዋ፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈበት በ1964ቱ ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሮችን ያስተናገደች፣ በ1998 ደግሞ የናጋኖ ኦሊምፒክ ከርሊንግ የተካሄደባት ከተማ ናት። እዚያ ሳለች ከ2011 እስከ 2014 አራት ጊዜ በተከታታይ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነች።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በመስከረም 2013፣ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆና ሳለ፣ ለሶቺ ኦሊምፒክ የሚልከውን ማጣሪያ በልምድ በቆየችው በአዩሚ ኦጋሳዋራ ለሚመራው የሆካይዶ ባንክ ቡድን ተሸነፈች። ዕድሜዋ 22 ነበር። ጃፓን ቡድኗን የምትልከው ቡድኖቹ ራሳቸው ፊት ለፊት ገጥመው ነው፤ ያለፈ ዋንጫ መግቢያ እንጂ ትኬት አይሆንም። በየኦሊምፒኩ ዋዜማ ስለ ማራቶን ቡድናችን ምርጫ የምንጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ አንዲት የአገር ሻምፒዮን በአንድ ሳምንት ጨዋታ ስትቀር ምን ማለት እንደሆነ ለመተንተን እናንተ ትቀርባላችሁ።

በ2015 ወደ አገሯ ተመልሳ ሎኮ ሶላሬ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለች። ቡድኑን በ2010 የመሠረተችው የቶኮሮዋ ማሪ ሞቶሃሺ ናት፤ ሞቶሃሺ በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ ተሰልፋለች፤ የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለበት ያው ቱሪን ነው። ፉጂሳዋ ኪታሚ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ወኪል ቢሮ እየሠራች፣ ከእህትማማቾቹ ቺናሚና ዩሪካ ዮሺዳ እንዲሁም ከዩሚ ሱዙኪ ጋር ተለማመደች። በቀጣዩ ዓመት በካናዳ ስዊፍት ከረንት ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሰው በስዊዘርላንድ 9 ለ 6 ተሸነፉ፤ ጃፓን በከርሊንግ የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። በመስከረም 2017 የኦሊምፒክ ማጣሪያው በቶኮሮ ተካሄደ፤ ተጋጣሚዋ የቀድሞ ቡድኗ ቹቡ ኤሌክትሪክ ነበር። 3 ጨዋታ ለ 1 አሸንፋ ወደ 2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ሄደች።

በፒዮንግቻንግ በግማሽ ፍጻሜው ከደቡብ ኮሪያ ጋር በተጨማሪ ዙር 8 ለ 7 ተሸነፈች። በማግስቱ ለነሐስ ከብሪታንያ ጋር ነበር፤ የዚያኛው ወገን ስኪፕ ኢቭ ሚዩርሄድ በሶቺ የነሐስ ባለቤት ነበረች። ከስምንት ዙር በኋላ 3 ለ 3 ነበሩ። በዘጠነኛው ጃፓኖች አንድ ሰርቀው 4 ለ 3 መሩ። በአሥረኛውና በመጨረሻው ዙር የመጨረሻው ድንጋይ በሚዩርሄድ እጅ ነበር፤ ፉጂሳዋ የራሷን የመጨረሻ ድንጋይ ወርውራ ጨርሳለች፣ ከዚህ በኋላ ማድረግ የምትችለው ምንም የለም፣ ቆሞ ማየት ብቻ። ሚዩርሄድ አንድ ብታገኝ ተጨማሪ ዙር ይሆናል፤ እሷ ግን ሁለት አግኝታ ነሐሱን የምትወስድበትን ምት መረጠች። ድንጋዮቹ ሲጋጩ ወደ መሐል ቀርቦ የቀረው የጃፓን ድንጋይ ሆነ። 5 ለ 3፤ ለጃፓን በከርሊንግ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። ልብ በሉ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች የተገኙት ሁለቱም ነጥቦች ስርቆት ናቸው፤ ስኪፕ ተጋጣሚዋን ከባድ ምርጫ ውስጥ ማስገባት ስትችል የሚገኝ ነጥብ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተወራ ስነግራችሁ ልማዱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ተጫዋቾቹ ድምፅ ማንሻ (ማይክሮፎን) አድርገው ስለሚጫወቱ ንግግራቸው በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ «ልክ ነሽ» እንደ ማለት ያለው የሆካይዶ ዘዬ አነጋገራቸው በ2018 የዓመቱ ቃል ተብሎ ተሸለመ። በዕረፍት ሰዓት የበሉት የኪታሚ የአይብ ኬክ ከገበያ ጠፋ። ፉጂሳዋ የኮሪያ እንጆሪ ይጣፍጣል ብትል የጃፓን የእርሻ ሚኒስትር የእንጆሪው ዘር ከጃፓን የመጣ ነው የሚል መልስ እስከ መስጠት ደረሱ። በአንድ ነሐስ ላይ ይህ ሁሉ ሲባል፣ እነዚያ ድምፅ ማንሻዎች ያሰሙን ትልቁ ነገር ሳይወራበት አለፈ፤ አራት ሰዎች በሰዓት እየተጣደፉ፣ ሳይኮራረፉ፣ አንዷ የሌላዋን ሐሳብ እያረመች ወደ ውሳኔ ሲደርሱ በቀጥታ መስማት በየትኛው ስፖርት ይገኛል?

በመስከረም 2021 በዋካናይ በተካሄደው ማጣሪያ በሳያካ ዮሺሙራ ለሚመራው የሆካይዶ ባንክ ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈች፤ አምስት ጨዋታ ባለው ፍልሚያ አንድ ሽንፈት ከጨመረች አበቃ ማለት ነው። ሦስቱን በተከታታይ አሸነፈች። በታኅሣሥ በኔዘርላንድስ የማጣሪያ ውድድር አልፋ 2022ቱ የቤይጂንግ ኦሊምፒክ ደረሰች። ቤይጂንግ ላይ በእጇ ጀርባ በእንግሊዝኛ ጥሩ ተጫዋች እንደሆነች፣ በራሷ እንደምትተማመን፣ እንደሰትበት የሚሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ ትጫወት ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹን ሳስብ የሚመጣብኝ ሕዝብ ፊት የማይታየው ፍርሃቷ ነው፤ በራሱ የሚተማመን ሰው በእጁ ላይ አይጽፈውም።

የመጨረሻውን የምድብ ጨዋታ በስዊዘርላንድ ተሸንፋ አምስት አሸንፎ አራት በመሸነፍ ከብሪታንያና ከካናዳ ጋር እኩል ሆነች። ያለቀ መስሏት ከጋዜጠኞች ፊት ቆማ እያለቀሰች ሳለ ማለፋቸው ተነገራት። ያሳለፋቸው ከየጨዋታው በፊት ወደ ቤቱ መሐል የሚወረወረው የመለኪያ ድንጋይ ነው፤ ርቀቱ በሴንቲሜትር ይመዘገብና ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ይታያል። ማንም የማያየው፣ ጨዋታው ሳይጀመር የሚወረወር ድንጋይ ካናዳን አስቀርቶ ጃፓንን አሳለፈ። በማግስቱ በግማሽ ፍጻሜው ያችኑ ስዊዘርላንድ 8 ለ 6 አሸነፈች። በፍጻሜው ሚዩርሄድ 10 ለ 3 አሸነፈቻትና ብር ይዛ ተመለሰች። ከፒዮንግቻንግ ወደ ቤይጂንግ የሁለቱን ስኪፖች መንገድ ተከትሎ አንድ ፕሮግራም ቢሠራ የሚበቃ ታሪክ ነበር፤ በአማርኛ ሲሠራ ግን አልሰማሁም።

በጥር 2023 ከኤድመንተን አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በካምሮዝ በተካሄደው የካናዳ ኦፕን ውድድር የካናዳ ሻምፒዮን የነበረውን የኬሪ አይናርሰንን ቡድን በፍጻሜ 5 ለ 3 አሸነፈች። በዚህ ደረጃ ካሉት ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው የጃፓን ቡድን ሆኑ። አልበርታ ያስተማረችውን አልበርታ ድረስ መጥተው ማለት ነው። በሥራ ቦታዬ ያሉ ካናዳውያን ያን ሳምንት ሲያወሩ የነበሩት ስለ አወራወሯ እንጂ ስለ መልኳ አልነበረም። ፎቶው የመጣው ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ እናንተ ዘንድ የደረሰው ግን ፎቶው ብቻ ነበር።

በመስከረም 2025 ለሚላንና ኮርቲና ኦሊምፒክ የሚልከው ማጣሪያ እንደገና በዋካናይ ሆነ፤ ፉጂሳዋ አልቀናትም። መብቱን ያገኘው ፎርቲየስ የተባለው የዮሺሙራ ቡድን ነው። ዮሺሙራም የኪታሚ ተወላጅ ናት። በ2021 ያን ማጣሪያ ከተሸነፈች በኋላ ባንኩ ድጋፉን አቁሞ ቡድኑ በራሱ እግር መቆም ነበረበት፤ በ2023 መጨረሻ ወለደች፣ ተመልሳም የጃፓን ሻምፒዮና አሸነፈች። ስለዚህ የፉጂሳዋን ታሪክ የሚሠራ ሰው ዮሺሙራን ሊተዋት አይገባም፤ በዋካናይ የ2021ዱንና የ2025ቱን ማጣሪያ ያፈራረቁት የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። አራት ማጣሪያ፣ ሁለት ማሸነፍ፣ ሁለት መቅረት፤ የፉጂሳዋን የሥራ ዘመን እኔ የምለካው በዚህ ነው፣ በመካከላቸው ያሉት ሁለት ሜዳሊያዎች የዚያ ፍሬ ናቸውና።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ጨዋታውን በረዶ መጥረግ ማለቱ ይቅርና ከርሊንግ በሉት፤ ስኪፕንም ስኪፕ በሉ፣ «የቡድን መሪ» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብታስረዱ አድማጭ ይለምደዋል፣ ኦፍሳይድንና ፔናልቲን የለመደ ጆሮ ነው። የስፖርተኛዋን ስም በሙሉ ጥሩ። ውጤት ስታነቡም በመጨረሻው ዙር የመጨረሻው ድንጋይ በማን እጅ እንደነበረ አክላችሁ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አድማጫችሁ
ኤድመንተን፣ አልበርታ